ሳታይ አትጩህ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህ ሽሮ ልካለች፤ ዛሬውኑ መናኸሪያ ሄደህ ተቀበል፣ እርጥበት እንዳይነካው።

አሰልጣኝ ሆንክ ሲሉኝ ጎረቤት ጠርቼ ቡና አስፈልቼ ነበር። ትናንት ደግሞ የአክስትህ ልጅ መጣች። እግሯን ያመማትን ልጅ «አታስመስዪ፣ ሩጪ!» ብለህ ጮህክባት አሉ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጄ፣ ሳታይ አትጩህ።

በ2002 የካቲት፣ በክረምት ኦሎምፒክ፣ የኛውን ሮቤል ተክለማርያምን በስኪ ለማየት ጎረቤት ቤት የተኮለኮልነው ትዝ ይልሃል? እግርህ ገና አልዳነም ነበር። ያኔ ነው ያን ሆላንዳዊ ክራመርን ያየነው፣ 10 ሺህ ሜትር በበረዶ ላይ ሲንሸራተት። ሁለት መስመር አለ፤ በየዙሩ ይቀያየራሉ። ልጁ በውጭ ሊገባ ሲል አሰልጣኙ ኬምከርስ ጮኾ ወደ ውስጥ መለሰው። ልክ የነበረው ልጁ ነው! ከ4 ሰከንድ በላይ ቀድሞ ጨረሰና ወርቁን ተነጠቀ። ኬምከርስ ደግሞ ጀማሪ እንዳይመስልህ፤ በ1980 ካልጋሪ ላይ ራሱ በ5 ሺህ የኦሎምፒክ ነሐስ ወስዷል።

አንተ «ምስኪን» ብለህ አለፍከው። እኔ ተነስቼ ወጣሁ።

ፋሲለደስ ስታዲየም የሮጥክ ዕለት ጠዋት «አባዬ፣ ቋንጃዬን ይይዘኛል» ብለኸኝ ነበር። «ሲሞቅ ይለቅሃል» አልኩህ። አራት ዙር ሲቀርህ አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ «አሁን! ልቀቀው!» አልኩ። ዞር ብለህ አየኸኝ። ከዚያ ለቀቅከው። መታጠፊያው ላይ ቋንጃህን ይዘህ ስትወድቅ አፌ ገና አልተዘጋም ነበር። ሰው «ዕድሉ ነው» ይላል። አንተም አንድ ቀን ወቅሰኸኝ አታውቅም፤ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ክራመርም ሰውዬውን አላባረረውም። ከአራት ዓመት በኋላ ሶቺ ላይ አብረው ነበሩ፣ በ5 ሺህ ወርቅ አገኘ። አንተ ግን ከዚያ ወዲህ መቼ ሮጥክ?

ነገ ልጅቷን ይቅርታ ጠይቃት። ሐኪም ጋ ውሰዳት፤ ብር ካነሰህ በቴሌብር እልካለሁ። ሳታይ አትጩህ ብያለሁ!

ለጥምቀት ና። አርባ አራቱ ታቦት ይጠብቅህ። የሽሮውን ዕቃ እንዳትጥለው፣ እናትህ ትፈልገዋለች።

አባትህ
ከጎንደር