ስለ ፍላቮኖይድ ለጠየቁኝ ለአባቴ

ውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እናቴን ማስታመም ከጀመሩ ወዲህ እንቅልፍዎ መሳሳቱን፣ የሚወዱት ሁሉ መሰልቸቱን ከእህቴ ሰምቻለሁ። ጭንቀት ወደ ድባቴ እንዳያደርስዎ ፍላቮኖይድ ያለበትን እንክብል ልግዛ ወይ ብለው የጠየቁኝን ረጋ ብለው እንዲያነቡት በጽሑፍ መመለስ መረጥሁ።

ፍላቮኖይድ በሽንኩርት፣ በፖም፣ በብርቱካን፣ በወይንና በሻይ ቅጠል የሚገኙ ውህዶች የጋራ ስም ሲሆን፣ እስካሁን ከ6000 በላይ ዓይነቶች ተለይተዋል። ጭንቀት ለወራት ሲዘልቅ ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ሥርዓቱ ይዛባል፣ በሰውነት ውስጥ ብግነት ይበረታል፣ ትውስታንና ስሜትን በሚያግዘው ሂፖካምፐስ በተባለው የአንጎል ክፍልም የነርቭ ሴሎችን የሚያጎለብተው ቢዲኤንኤፍ የተሰኘ ፕሮቲን ይቀንሳል። ለረጅም ጊዜ እንዲጨነቁ በተደረጉ አይጦች ላይ በተካሄዱ ሙከራዎች፣ ኩዌርሴቲንን የመሰሉ ፍላቮኖይዶች ብግነቱን ሲያበርዱና ፕሮቲኑን ከፍ ሲያደርጉ ታይተዋል፤ ይወዱት የነበረውን የስኳር ውሃ ችላ ብለው የነበሩ አይጦችም ወደ መጠጣቱ ተመልሰዋል። የሚወዱትን መተው ከድባቴ ዋና ምልክቶች አንዱ በመሆኑ፣ ይህን ሳነብ እርስዎን አሰብሁ።

አይጥ ግን ሰው አይደለም። በ2016 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ድባቴ ያልነበረባቸውን 82,643 ነርሶች ለ10 ዓመታት ተከታትሎ፣ አንዳንድ ፍላቮኖይዶችን በምግባቸው አብዝተው የሚያገኙት በድባቴ የመያዝ ዕድላቸው ከ7 እስከ 10 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ አግኝቶታል፤ ልዩነቱም በዕድሜ በገፉት ላይ ጎላ ብሏል። ቅናሹ መጠነኛ ነው። ፍራፍሬ የሚያዘወትር ሰው በሌላውም ነገር ጤናውን የሚጠብቅ ሊሆን ስለሚችል፣ ውጤቱን ለፍላቮኖይድ ብቻ መስጠት አይቻልም።

ስለዚህ ፍራፍሬውንም አትክልቱንም በደስታ ይመገቡ፤ እንክብሉን ግን እባክዎ አይግዙ። ከምንበላው ፍላቮኖይድ ሳይለወጥ ወደ ደም የሚገባው ጥቂቱ ነው፤ አብዛኛውን የአንጀት ባክቴሪያዎች ይሰባብሩታል። በእንክብል የሚታሸገው ደግሞ በምግብ ከሚገኘው እጅግ ሊበልጥና ከሚወስዱት የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ጋር ሊጋጭ ይችላል።

ከሁሉ በላይ የምለምንዎ ግን ሐኪም እንዲያዩ ነው። የስሜት መውረድና ደስታ ማጣት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ሕክምናውም የታወቀ ነው። ቀጠሮውን እኔ እይዛለሁ፤ በዚያን ቀን እናቴን እህቴ ትጠብቃለች። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይዘው ይሂዱ።

አክባሪ ልጅዎ