«ኮድ አትስጡ» ብቻ አይበቃም፤ ከሰጠን በኋላስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ቴሌግራም ጠለፋ የሚወጡ ማስጠንቀቂያዎች ሁሉ «የመግቢያ ኮዳችሁን ለማንም አትስጡ» ይላሉ። ትክክል ነው። ኮዱን አንዴ የሰጠ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ግን ተጽፎ የምናየው ከስንት አንዴ ነው። ያሳዝናል፤ አካውንቱን ማትረፍ የሚቻለው በዚያች ሰዓት ነውና።

አዘውትሮ የሚመጣው «ለልጄ ድምፅ ስጡልኝ» የሚል ሊንክ ነው። ከምናውቀው ሰው አካውንት ስለሚላክ እናምነዋለን። ስንከፍተው ስልክ ቁጥራችንን፣ ቀጥሎም ቴሌግራም የላከልንን ባለ 5 አኃዝ ኮድ ይጠይቃል። ኮዱ ከድምፅ መስጠት ጋር አይገናኝም፤ አጭበርባሪው በራሱ ስልክ በእኛ ስም የሚገባበት ቁልፍ ነው።

እዚህ ላይ ደንግጦ አፑን ማጥፋት ወይም «ሎግ አውት» ማለት ትልቁ ስሕተት ነው። ሌባው ቀድሞ የራሱን የይለፍ ቃል አስቀምጦ ከሆነ ባለቤቱ በሩን በገዛ እጁ ዘጋው ማለት ነው። ባለቤቱ ከአካውንቱ እስካልወጣ ድረስ ግን ብልጫው የእሱ ነው፤ ቴሌግራም አዲስ የገባ ስልክ ነባሮቹን እንዲያስወጣ የሚፈቅደው 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነውና። ስለዚህ ሳይውል ሳያድር «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ዲቫይስስ» ገብቶ «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» የሚለውን መጫን ነው። ሌባው ይወጣል። ቀጥሎ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ሥር «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን»ን ከፍቶ የይለፍ ቃል ማስቀመጥ። ኢሜይል ሲጠይቅ ዘሎ ማለፍ አያዋጣም፤ ያለ ኢሜይል የረሱትን የይለፍ ቃል ለማስቀየር 7 ቀን መጠበቅ ይመጣል። ለወዳጅ ዘመድም «በስሜ ብር የሚጠይቃችሁ እኔ አይደለሁም» ብሎ መንገር ያስፈልጋል፤ በጽሑፍ ሳይሆን ደውሎ፣ ድምፅን እንዲሰሙ።

ሊንክን ሳይከፍቱ ማጣራትም ይቻላል። አድራሻው ውስጥ ከመጀመሪያው ነጠላ እዝባር (/) በፊት ያሉትን የመጨረሻ ሁለት ቃላት ይመልከቱ። «ባንክ ነጥብ ሽልማት ነጥብ ኮም» ከሆነ ገጹ የ«ሽልማት ነጥብ ኮም» ነው፤ የባንክ ስም ከፊት መለጠፍ ማንም ይችላል። በ«ኮም ነጥብ ኢቲ» የሚያልቅ ከሆነ ሦስት ቃላት ይቁጠሩ። ከአድራሻው ጎን የምትታየው የቁልፍ ምልክትም አታሳምንዎ። በመካከል የሚያልፈው መረጃ መመስጠሩን እንጂ የባለቤቱን ታማኝነት አትመሰክርም፤ ጉግል ክሮምም ሰው እየተሳሳተባት ስላስቸገረ እ.ኤ.አ. በ2023 ከአድራሻው ሳጥን አንስቷታል።

አሁንም ከተጠራጠሩ ሊንኩን ጫን ብሎ ይዞ ኮፒ በማድረግ «ቫይረስቶታል» በተባለው ነጻ ገጽ ላይ መለጠፍ ነው። ከ70 በላይ በሆኑ መፈተሻዎች ያስመረምረዋል፤ የ«ኤፒኬ» (የአንድሮይድ አፕ መጫኛ) ፋይልም ይቀበላል። «ንጹሕ» ቢል ግን ልብ አይጣሉበት፤ ትናንት የተከፈተን የማጭበርበሪያ ገጽ ገና ማንም ላይመዘግበው ይችላል። የመታወቂያ ወይም የባንክ ሰነድ ፈጽሞ አይጫኑበት፤ የተጫነ ፋይል ለሌሎች መርማሪዎችም ይደርሳል።

ማስጠንቀቂያ በምታወጡ ቁጥር የ«ዲቫይስስ»ን መንገድ ከጎኑ በጉልህ ፊደል ብታትሙልን፣ ስልክ መነካካት የሚፈሩ እናቶችና አባቶችም ቆርጠው ሊይዙት ይችላሉ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ