ከዲሴምበር 31 በፊት፦ ለአሜሪካ አነስተኛ ከተሞች ከንቲባዎችና የምክር ቤት አባላት ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን ከንቲባዎች፣ የምክር ቤት አባላትና የፋይናንስ ኃላፊዎች፣

ማርች 2021 በወጣውና በተለምዶ አርፓ በሚባለው የወረርሽኝ ማገገሚያ ሕግ፣ በአብዛኛው ከ50,000 በታች ነዋሪ ላላቸው ከተሞች 19.53 ቢሊዮን ዶላር በየስቴቶቻቸው በኩል ተመድቧል። ገንዘቡን በውል የማሰሪያው ቀን ዲሴምበር 31፣ 2024 ነበር፤ አልፏል። ገንዘቡ ተከፍሎ ማለቅ ያለበት ቀን ደግሞ ዲሴምበር 31፣ 2026 ነው። ገንዘቡን በኋላ በተጨመሩት የመንገድ ትራንስፖርት ወይም የማኅበረሰብ ልማት ምድቦች ያስመዘገበ ከተማ ቀኑ ይቀድምበታል፤ ሴፕቴምበር 30፣ 2026 ነው። እስከዚያ ያልወጣው ለፌዴራል ግምጃ ቤት ተመላሽ ይሆናል።

እኛ በከተማ አስተዳደሮች ውስጥ በሒሳብ፣ በግዥና በፕሮጀክት ክትትል የምንሠራ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ነን። እንግሊዝኛውን ለየጽሕፈት ቤቶቻችሁ ልከናል። በአማርኛም ያወጣነው በከተሞቻችሁ ቤት የገዙና ሱቅ የከፈቱ ወገኖቻችን፣ በምክር ቤት ስብሰባ ላይ ለነዋሪ የምትሰጠዋን ሦስት ደቂቃ ሲያገኙ ምን ብለው መጠየቅ እንዳለባቸው እንዲያውቁ ነው።

ዋናው ጥያቄያችን አንድ ነው። የሚዘገየውን ሥራ በራሳችሁ ገንዘብ ሥሩት፤ የፌዴራሉን ገንዘብ ደግሞ አስቀድሞ በተከፈለና ማስረጃው በእጃችሁ ባለ ወጪ ላይ አውሉት።

ይህን የሚያስችለው የገቢ ማካካሻ የሚባለው ምድብ ነው። የግምጃ ቤቱ የመጨረሻ ደንብ በጃንዋሪ 2022 ሲወጣ፣ አንድ ከተማ ከድርሻው እስከ 10 ሚሊዮን ዶላር ያለምንም ስሌት የጠፋ ገቢ አድርጎ እንዲመዘግብ ፈቀደ። የአብዛኞቹ አነስተኛ ከተሞች ጠቅላላ ድርሻ ከዚያ በታች ስለሆነ ሁሉንም እዚያ ማስገባት ይችላሉ። እዚያ የገባ ገንዘብ ከተማ በተለምዶ ለሚሰጠው አገልግሎት ሁሉ ይውላል፦ ለፖሊስ ደመወዝ፣ ለእሳት አደጋ መኪና፣ ለመንገድ ጥገና፣ ለቢሮ ሶፍትዌር። የተከለከለው ጥቂት ነው። ዕዳ መክፈል፣ የፍርድ ቤት ካሣ መክፈል፣ መጠባበቂያ ሒሳብ ውስጥ ማስቀመጥና ለጡረታ ፈንድ ከመደበኛው ውጭ ገቢ ማድረግ አይቻልም። ከደመወዝ ጋር የሚሄደው የተለመደው የጡረታ መዋጮ ግን ይፈቀዳል፤ እነዚህን ሁለቱን የሚያምታቱ ብዙ ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እንበል አንድ ከተማ ለውኃ መስመር 700,000 ዶላር ውል አስሮ ሥራው በ610,000 አለቀ። 90,000 ዶላር ተረፈ። በዚህ ገንዘብ አሁን አዲስ ውል መፈረም አይቻልም። የሚቻለው፣ ከማርች 3፣ 2021 እስከ ዲሴምበር 31፣ 2024 ከተማው ከራሱ ካዝና ያወጣውን ብቁ ወጪ ፈልጎ የተረፈውን ወደዚያ ማዛወር ነው። ቀላሉ ደመወዝ ነው። ከጁላይ እስከ ዲሴምበር 2024 የተከፈለውን የፖሊስ ደመወዝ መዝገብ አውጡ፤ የሥራ ሰዓት ቅጹንና የባንክ ማስረጃውን አያይዙ። ከእነዚያ ሠራተኞች መካከል ደመወዙ በሌላ የፌዴራል ዕርዳታ የተሸፈነ ካለ ስም በስም እያያችሁ አውጡት፤ አንድ ደመወዝ ሁለት ጊዜ ለፌዴራል መንግሥት ሲቆጠር ኦዲተሩ ማግኘቱ አይቀርም። ከዚያ የሒሳብ ማስተካከያውን መዝግቡና በቀጣዩ ሪፖርት በገቢ ማካካሻ ሥር አሳዩ። ያኔ ከከተማው ካዝና 90,000 ዶላር ይለቀቃል። የተለቀቀው የከተማው ገንዘብ ነው፤ ቀነ ገደብ የለበትም።

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በውሳኔው አጻጻፍ ላይ ነው። «ቀሪው የአርፓ ገንዘብ ወደ መጠባበቂያ ይዛወር» ብሎ የወሰነ ምክር ቤት የተከለከለውን ነገር በገዛ ፊርማው አጸደቀ ማለት ነው፤ በልቡ ያሰበው ሌላ ቢሆንም ኦዲተሩ የሚያነበው ቃለ ጉባኤውን ነው። ሁለት ውሳኔ አድርጉት። በመጀመሪያው «ይህን ያህል የአርፓ ገንዘብ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ለተከፈለ የፖሊስ ደመወዝ እንዲውል» ይባል። ሁለተኛው፣ በሌላ ስብሰባ ቢሆን ይመረጣል፣ ስለ ከተማው ጠቅላላ ፈንድ፣ ማለትም ስለ ራሱ ገንዘብ፣ ብቻ ይናገር፤ አርፓ የሚለው ቃል አይግባበት።

ይኸው መንገድ ሥራው ለተጓተተበት ከተማም ያገለግላል። ውሉ ይቀጥላል፣ ከፋዩ ግን የከተማው ፈንድ ይሆናል። ኮንትራክተሩ ከከሰረ፣ ውሉን ካፈረሰ ወይም ሁለታችሁም ውሉን ለማቋረጥ ከተስማማችሁ ግምጃ ቤቱ በሌላ ኮንትራክተር እንድትተኩት ይፈቅዳል፤ የሥራው ወሰን ግን ያው መሆን አለበት። ቼንጅ ኦርደርም፣ ማለትም በተፈረመ ውል ላይ የሚደረግ የሥራ ለውጥ፣ እንደዚሁ ነው። ቁፋሮ ላይ ላጋጠመ ድንጋይ መጨመር ያስኬዳል፤ «እግረ መንገዳችንን ቀጣዩንም ጎዳና እንሥራ» ማለት ግን አዲስ ሥራ ነው፣ ጊዜው አልፏል።

የውኃ መስመር የያዛችሁ፣ ቀኑን ከዲሴምበር ወደ ኋላ ቁጠሩ። ቧንቧው ተቀበረ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። የግፊት ፍተሻ አለ፣ በክሎሪን ማጽዳት አለ፣ ከዚያ የባክቴሪያ ናሙና ይወሰዳል፤ ብዙ ቦታ በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ። አንዱ ናሙና ከወደቀ ማጽዳቱ እንደገና ይጀመራል። ከዚያ በኋላ ነው ቤቶች የሚገናኙትና አስፋልቱ የሚመለሰው፤ በሰሜን ስቴቶች ደግሞ የአስፋልት ማምረቻዎች ብርዱ ሲገባ ይዘጋሉ። ስለዚህ ቧንቧው በሴፕቴምበር ካልተገናኘ ጎዳናው እስከ ጸደይ ጠጠር ለብሶ ይከርማል፤ ኮንትራክተሩም የመጨረሻውን ኢንቮይስ አያቀርብም። ከእያንዳንዱ ክፍያ የሚያዘው የመያዣ ገንዘብ፣ ማለትም ሪቴይኔጅ፣ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው። በ700,000 ዶላር ውል ከ35,000 እስከ 70,000 ዶላር መሆኑ ነው። የቀረችው አንድ የእሳት አደጋ ውኃ መክፈቻ ቀለም መቀባት እንኳ ብትሆን ያ ገንዘብ እስክታልቅ ድረስ አይለቀቅም። ወደ ጃንዋሪ እንደሚሻገር ከታያችሁ ሪቴይኔጁን ከከተማው ፈንድ ለመክፈል ከአሁኑ ወስኑ።

የስብሰባ ቀንም አለ። ብዙ አነስተኛ ከተሞች ክፍያ የሚያጸድቁት በወር አንዴ ወይም ሁለቴ ነው፤ የዲሴምበሩ ሁለተኛ ስብሰባ ደግሞ በገና ምክንያት ይሰረዛል። በዲሴምበር 15 የገባ ኢንቮይስ በጃንዋሪ ይጸድቃል ማለት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ለዲሴምበር መጨረሻ አንድ ልዩ ስብሰባ ከአሁኑ በካሌንደር ይያዝልን።

የእርሳስ ቧንቧ የምትቀይሩ ከተሞች ሌላ እንቅፋት አለባችሁ። በውኃና ፍሳሽ ምድብ የተመዘገበ የእርሳስ ቧንቧ ሥራ ከዋናው መስመር እስከ ቤቱ ድረስ ሙሉውን መቀየር አለበት፤ የከተማውን ክፍል ብቻ ቀይሮ መሄድ አይፈቀድም። ለዚህ ባለቤቱ ግቢው እንዲቆፈር መፈረም አለበት። በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ የፈቃድ ቅጽ በፖስታ ሲመጣ ብዙ ሰው ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር ይጥለዋል። እንደ ክላርክስተን፣ ጆርጂያ፣ ከብዙ አገር የመጣ ሰው በሚኖርበት ከተማ ቅጹ በነዋሪው ቋንቋ ቢተረጎም፣ አንድ ሰውም ቅዳሜ ቤት ለቤት ቢዞር፣ ለቁፋሮ ቡድኑ ሥራ ፈቶ መቆም ከምትከፍሉት ያነሰ ወጪ ነው።

ገንዘብ ስታደባልቁም ተጠንቀቁ። በአርፓ ገንዘብ ብቻ የሚሠራ ግንባታ፣ ከዋሺንግተን ዲሲ በስተቀር፣ ለግንባታ ሠራተኞች ዝቅተኛውን ደመወዝ በሚወስነው በፌዴራሉ የዴቪስ ቤከን ሕግ አይገደድም። ከሌላ የፌዴራል ዕርዳታ ትንሽ ብር ሲገባበት ግን የዚያ ዕርዳታ ግዴታ ለሥራው ሁሉ ሊመጣ ይችላል፤ ሳምንታዊ የደመወዝ መዝገብ መሰብሰብ፣ አንዳንዴም የአሜሪካ ምርት ብቻ መግዛት። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ይህን ያወቀ ከተማ ልዩነቱን ራሱ ይከፍላል።

ስለ ሪፖርቱ አጭር ነገር እንበል። በየዓመቱ ኤፕሪል 30 ነው፤ የመጨረሻው በኤፕሪል 30፣ 2027 ይቀርባል። የሚያስቸግረው ቅጹ ሳይሆን መግቢያው ነው። የከተማዋ ጸሐፊ ሥራ ስትለቅ የግምጃ ቤቱ ድረ ገጽ አካውንት በስሟና በግል ስልኳ እንደተመዘገበ ይቀራል፤ ሪፖርቱን ማረጋገጥ የሚችለው ደግሞ ሥልጣን የተሰጠው ተወካይ ብቻ ነው። ዛሬውኑ ሁለት ሰው መዝግቡ። ሳም በሚባለው የፌዴራል ገንዘብ ተቀባዮች መዝገብ ውስጥ ያለው ምዝገባችሁም በየዓመቱ መታደስ አለበት።

ኦዲትም የሚዘነጋ ወጪ ነው። በአንድ የበጀት ዓመት ከ1,000,000 ዶላር ጀምሮ የፌዴራል ገንዘብ ያወጣ ከተማ ሲንግል ኦዲት የሚባለው፣ የፌዴራል ወጪውን በአንድ ላይ የሚመረምር ኦዲት ያስፈልገዋል፤ ከኦክቶበር 1፣ 2024 በፊት ለጀመረ የበጀት ዓመት መነሻው 750,000 ነበር። የሚቆጠረው አርፓ ብቻ አይደለም፣ ከየትኛውም የፌዴራል መሥሪያ ቤት የመጣው ሁሉ ነው። ሪፖርቱ የበጀት ዓመቱ ካለቀ ቢዘገይ በ9 ወር ውስጥ መግባት ስላለበት ኦዲተር ከወዲሁ ያዙ። 10 ሚሊዮን ዶላር ወይም ከዚያ በታች የተቀበለና ሌላ የፌዴራል ወጪው ዝቅተኛ የሆነ ከተማ በምትኩ ቀለል ያለ ምርመራ መምረጥ ይችላል፤ ኦዲተራችሁን በዚህ ጉዳይ ጠይቁት። ሰነዱን ሁሉ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ 5 ዓመት አስቀምጡ።

ገንዘቡ ባንክ ተቀምጦ የወለደው ወለድ ግን በዚህ ሁሉ ገደብ ውስጥ የለም። ለፈለጋችሁት የከተማ ሥራ ይውላል፣ አይመለስም። ከዋናው ጋር ቀላቅሎ የያዘ ከተማ ካለ ለይቶ ያውጣው።

ለሚቀጥለው ስብሰባችሁ አንድ ገጽ ሰንጠረዥ እንዲቀርብ እንጠይቃለን፦ በእያንዳንዱ ፕሮጀክት የታሰረው፣ የተከፈለው፣ የተያዘው ሪቴይኔጅ፣ ሥራው የሚያልቅበት ቀን፣ ካላለቀ ደግሞ ወደየትኛው የ2024 ወይም ከዚያ በፊት ወጪ እንደሚዛወር። ሰንጠረዡ ከስብሰባው በፊት ለነዋሪው ይለጠፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
በከተማ አስተዳደር ሒሳብ፣ ግዥና ፕሮጀክት ክትትል ሥራ ላይ የምንገኝ ባለሙያዎች