የግቢ ቆጣሪም ውል ውስጥ ይግባልን

ሰላም የጋዜጣው አዘጋጆች እንደምን ሰነበታችሁ፣ እኔ ባህር ዳር ሽምብጥ አካባቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ የምኖር ሰው ነኝ። ስለ ቤት ኪራይ በተነሳ ቁጥር ወሬው ሁሉ ጭማሪ ጭማሪ ነው፣ ልክ ነው አዋጅ 1320/2016 የወጣውም ለዚሁ ነው፣ ውል በጽሁፍ ሆኖ ይመዝገብ፣ ከሁለት አመት አይነስ፣ ጭማሪ በአመት አንዴ ብቻ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር አይበልጥ ይላል። ጥሩ ነው ማን ይጠላል። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጪ ደሞ ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው የሚሰራው፣ ስለዚህ እኛ ጋ ጉዳዩን የያዙት ሰዎች ይቺን ነገር እንዲያዩልን ብዬ ነው።

ነገሩ የግቢ የመብራት ቆጣሪ ነው። አምስት ተከራይና ባለቤቶቹ በአንድ ቆጣሪ ነው የምንጠቀመው፣ ቢሉን አናየውም፣ ወር ሲሞላ አከራያችን እትዬ በር ላይ ቆመው "ያንተ 600 ነው" ይላሉ፣ አለቀ። ምጣድ ያለው ይጨምራል፣ ፍሪጅ ያለው ይጨምራል፣ ዘመድ ከገጠር መጥቶ ካደረ ደሞ የውሃ ተብሎ ሌላ አለ። ጎረቤቴ እስቲ ቢሉን ልየው ብትል "ካልተመቸሽ ቤት ሞልቷል" ተባለች (ቤት እንኳን ሊሞላ ደላላው ራሱ ስልክ አያነሳም)።

ሁሉም አከራይ ሌባ ነው እያልኩ አይደለም። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የኪሎዋቱም ዋጋ አብሮ ይወጣል፣ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ሰው በጣም ትንሽ ነው የሚከፍለው። አንድ አምፖልና የስልክ ቻርጀር ብቻ ያላት ልጅ የራሷ ቆጣሪ ቢኖራት እዛው ታች ትቀር ነበር፣ ስድስት ቤት አንድ ላይ ሲደመር ግን ከነባለፍሪጁ ሁላችንም ላይኛው ዋጋ ላይ እንወጣና ምንም የሌላት እሷም በዛው ሂሳብ ትከፍላለች። ይሄ የእትዬ ጥፋት አይደለም፣ ቢሉን መደበቅ ግን ጥፋት ነው።

እና ውሉ ሲመዘገብ ከኪራዩ ስር ውሃና መብራት በምን ሂሳብ እንደምንካፈል ይጻፍበት፣ ቢሉም ለተከራይ ይታይ፣ በቴሌብር እየተከፈለ ስክሪንሹት መላክ ምን ይከብዳል? አቅም ያለው አከራይ ለየክፍሉ ትንሽ ቆጣሪ ያስገባ። አለበለዚያ ኪራይ ላይ እንዳይጨምር የተከለከለ ሰው መብራት ላይ ይጨምራል፣ እኛ ግቢ ተጀምሯል፣ ከመስከረም በፊት 400 ነበር የምከፍለው፣ አዲስ የገዛሁት እቃ የለም።

ተከራይ፣ ከባህር ዳር