ሽንትሽ ንጹህ ነው ተብዬ ተቀጣሁ
ግልጽ ደብዳቤ ለወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

የፊኛ ሕመም ያለብኝ መምህርት ነኝ፤ በክፍለ ጊዜዬ ሽንት ቤት በመሄዴ ስለደረሰብኝ ቅጣት ሦስት ማመልከቻ ጽፌልዎታለሁ። ሁለቱ መልስ አላገኙም። ለሦስተኛው የሰጡኝ መልስ ግን ምነው ዝም ባሉኝ የሚያሰኝ ስለሆነ፣ ይህን አራተኛውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ ጽፌዋለሁ። ከማኅተምዎ በላይ የሰፈረው ቃል ይኸው፦ «በቀረበው የላቦራቶሪ ውጤት መሠረት በሽንትዎ ውስጥ ምንም ዓይነት ኢንፌክሽን ያልታየ በመሆኑ ቅሬታዎ ተቀባይነት የለውም።»

አዎ፣ ኢንፌክሽን የለብኝም። ይህን ለማወቅ እኔ አምስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

በእነዚያ ዓመታት ጎረቤቶቼ «ብርድ ነው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠሽ ነው» ሲሉኝ፣ የሄድሁባቸው ክሊኒኮች ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለውን የባክቴሪያ መድኃኒት ይሰጡኝ ነበር። ሳይሻለኝ ስመለስ ሌላ ኪኒን። በካልቸር ምርመራ ባክቴሪያ አልተገኘም ሲባል ደግሞ «አትጨነቂ»። በመጨረሻ ያገኘሁት የኩላሊትና የሽንት ቧንቧ ስፔሻሊስት ጠጠሩን፣ የኩላሊት ቲቢውን፣ ካንሰሩን አንድ በአንድ አጣርቶ አስወገደ። አዋሽ ሸለቆ ኖሬ እንደሆነ እንኳ ጠየቀኝ፤ የሽንት ቢልሃርዝያ እዚያ ስላለ። ፊኛዬን በካሜራ አየ። ኢንተርስቲሻል ሲስታይተስ የሚለውን ስም የጻፈልኝ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ፊኛው ሲሞላ ያቃጥላል፣ ይወጋል፤ ሲሸኑ ጥቂት ይታገሣል፤ ከዚያ እንደገና መሙላት ይጀምራል። በአንድ ምርመራ ይኸው ተብሎ የሚያዝ በሽታ አይደለም፤ ሌላው ሁሉ ሲወገድ ነው የሚታወቀው። እርስዎ ለቅጣቴ የጠቀሱት ንጹህ ውጤት ሐኪሙ ስሙን እንዲጽፍ የረዳው ወረቀት ነው። የሐኪሙ ደብዳቤ ደግሞ በአንድ ስቴፕል ከሥሩ ተያይዞ ነበር። ሁለተኛውን ገጽ አልገለጡትም።

ስለ ኅዳሩ ቀን ልንገርዎ። አራተኛ ክፍለ ጊዜ፣ 7ኛ «ሐ»፣ ሒሳብ። ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው፤ የመምህራን መጸዳጃ ቤት ከግቢው ወዲያኛው ጫፍ፤ ቁልፉ ንብረት ክፍል፤ የንብረት ክፍሏ ሠራተኛ ሻይ ልትጠጣ ወጥታለች። በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። አልደረስሁም ብል ይቀለኝ ነበር። ደርሻለሁ፤ በሩ ነው ያልተከፈተው። ሹራቤን ወገቤ ላይ አስሬ ወደ ክፍል ስመለስ ሱፐርቫይዘሩ ሰሌዳው አጠገብ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። 11 ደቂቃ። «ክፍል ጥሎ መውጣት» ተብሎ ተመዘገበ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ የሦስት ቀን ደመወዝ ተቆረጠብኝ።

ደመወዙ ይቅር። ማስጠንቀቂያው በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነበበ። «በሽንት ምክንያት» የሚለው ላይ ሲደረስ ከኋላ የሳቀ ሰው ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማሁ አድጌ ነው ሕመሜን ለርዕሰ መምህሩ የነገርሁት። መድኃኒቱን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት አገኘሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከንጋት እስከ ስድስት ሰዓት ውኃ አልጠጣም። ውኃ ያነሰው ሽንት የባሰ እንደሚያቃጥል አውቃለሁ፤ ግን ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው። ሌሊት አምስት ስድስት ጊዜ እነሣለሁ። በርበሬና ቲማቲም ስለሚያስነሡብኝ ትቻለሁ፤ ቡናም ከተውሁ ሦስት ዓመቴ ነው። (አቦሉን እንኳ አልቀመስሽም ብላ የምታኮርፈኝ ጎረቤቴ ከእርስዎ ትሻላለች፤ ምን ሆነሽ ነው ብላ ትጠይቀኛለች።) ተማሪዎቼም ገብቷቸዋል። ወደ በሩ ስራመድ የክፍሉ አለቃ ሳልነግራት ተነሥታ ቀጣዩን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች። 13 ዓመቷ ነው።

ደንቡን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ሠራተኛ ከመቀጣቱ በፊት መልስ እንዲሰጥ ይጠየቃል፤ እኔን የጠየቀኝ የለም። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ግዴታ ይጥልበታል። የእኔ ሕመም እዚያ ውስጥ ይገባል አይገባም ብለን እንከራከር ይሆናል። ለመከራከር ግን ሁለተኛው ገጽ መነበብ አለበት።

ማስጠንቀቂያው ከማኅደሬ ይውጣ። ምድር ቤት ያለ ክፍል ይሰጠኝ፤ ክፍለ ጊዜዎቼ አይደራረቡ። ቁልፉን በራሴ ገንዘብ አስቀርጻለሁ ብዬ በሁለተኛው ማመልከቻዬ ገልጬ ነበር። ርዕሰ መምህሩ «ከበላይ ትእዛዝ ካልመጣ አይቻልም» አሉኝ። የበላይ የተባሉት እርስዎ ነዎት።

ከወረዳዎ መምህራን አንዷ