ቀልጦ ስንት ደቂቃ ቆየ?

ሰላም ወዳጄ፣

እንደወጣሁ ቀረሁ አይደል? ይቅር በለኝ፤ ሰበብ አልደረድርም። ዛሬ የምጽፍልህ ያልከፈልኩህ ዕዳ ስላለ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ስናወራ ስለዚያ የፖሊመር (እንደ ፕላስቲክ ከረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች የተሠራ ነገር) ድብልቄ ሳማርር «ቀልጦ ስንት ደቂቃ ቆየ?» አልከኝ። እኔም «ከቀለጠ ቀለጠ ነው፣ ደቂቃው ምን ያደርጋል?» ብዬ ዘጋሁህ።

ልክ ነበርክ ባክህ።

ችግሩን ታስታውሰዋለህ። ያው ድብልቅ፣ ያው ሙቀት። አንድ ቀን ሳቀዘቅዘው ክሪስታሉ፣ ማለት ሰንሰለቶቹ በሥርዓት የተደረደሩበት ጠጣር፣ ማይክሮስኮፑን ቶሎ ይሞላዋል፣ በማግስቱ ይለግማል። ወራት ጨረስኩበት። ለካ ሁለቱ ፖሊመሮች ቀልጠው ሳሉ ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ እየተለያዩ ነው። መጀመሪያ እንደ ረቂቅ መረብ ይጠላለፋሉ። ያኔ የሚነካኩበት ድንበር ሰፊ ነው። ሰንሰለቶቹ ድንበሩን ሲያቋርጡ ዘርጋ፣ ደርደር ይላሉ፤ የክሪስታል ዘር ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀራቸው። ስለዚህ ዘሩ ይበዛል። ብዙ ካቆየኸው ግን መረቡ ይወፍራል፣ ድንበሩ ይቀንሳል፣ ዘሩም ይሳሳል። እኔ ደግሞ አንዳንዴ አሥር ደቂቃ፣ አንዳንዴ ስልክ ይዞኝ አንድ ሰዓት አቆየዋለሁ። መዝገቤ ላይ የሰፈረው ሙቀቱ ብቻ!

ጭራሽ ካልተለያዩስ? ፖሊቪኒሊዲን ፍሎራይድና ፖሊሜቲል ሜታክሪሌት የሚባሉት ሁለት ፕላስቲኮች ሲቀልጡ ይዋሃዳሉ። እዚያ ክሪስታሉ ለማደግ ክሪስታል የማይሠራውን ባልንጀራውን ከመንገዱ መግፋት አለበት። ያዘግማል፣ መቅለጫውም ዝቅ ይላል።

ይበልጥ የገረመኝ ግን ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ ነው። ብቻውን ሲቀዘቅዝ ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ክሪስታል ይሠራል። ፖሊስታይሪን በሚባል ሌላ ፕላስቲክ ውስጥ በጥቃቅን ጠብታ ከበተንከው ግን ከ50 ዲግሪ በታች እስኪወርድ ክሪስታል የማይሠራ ጠብታ ታገኛለህ። ክሪስታሉን የሚያስጀምሩት ውስጡ ያሉ ብናኞች ናቸዋ! ጠብታዎቹ ከብናኞቹ ሲበዙ፣ ብናኝ ያልደረሰው ጠብታ የራሱን ዘር እስኪያወጣ ይጠብቃል። ጎረቤቱ አያበድረውም።

እንግዲህ መለያየት ክሪስታልን ያፈጥናል ወይስ ያዘገያል ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ያንተኑ ጥያቄ ነው የምመልስለት። አሁን መዝገቤ ላይ «ቀልጦ የቆየበት ደቂቃ» የሚል ዓምድ አለ። በሚቀጥለው ሳምንት 1፣ 5፣ 20 እና 60 ደቂቃ እያቆየሁ ፎቶ አነሳለሁ። ሳልነግርህ እልክልሃለሁ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ገምት።