አባዬ፣ ስካኑ የራቀው ስለተተውኩ አይደለም

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፤

እንዴት ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ፣ ሥራዬንም በደህና እየሠራሁ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም። ሐኪሙ «የሚቀጥለው ስካን ከዓመት ተኩል በኋላ ነው» ካለን ጊዜ ጀምሮ ዕረፍት እንዳጣህ አይቻለሁ። ውጤቴ ንጹሕ ነው የተባለበትን ደስታ እንኳ በቅጡ ሳታጣጥመው ዝም አልክ። ስደውልልህ ስለ ሁሉም ነገር ታጫውተኛለህ፣ ስለዚህ ጉዳይ ግን ትንፍሽ አትልም። እማዬ እንደምትነግረኝ ሌሊት ትነሣለህ፣ ስልክህን ይዘህ ትቀመጣለህ፣ ስለ ዘር ፍሬ ካንሰር ያገኘኸውን ሁሉ ስታነብ ይነጋል። ፊት ለፊት ብጠይቅህ «እኔ ምን ሆኛለሁ፣ አንተ ብቻ ደህና ሁን» ብለህ ወሬውን እንደምትዘጋው ስለማውቅ መጻፉን መረጥኩ።

አባዬ፣ ስካን በደረሰ ቁጥር ምን እንደምትሆን አውቃለሁ። ሳምንት ሲቀረው እህል ከአፍህ አይገባም። በምርመራው ቀን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠህ የኮትህን የላይኛ ቁልፍ ትፈታለህ፣ መልሰህ ትቆልፋለህ፣ ደግሞ ትፈታለህ። እንግዲህ ጭንቀትህ ከስካኑ ጋር የሚመጣ ቢሆን ኖሮ የስካኑ መራቅ እፎይ ባሰኘህ ነበር። አላሰኘህም። ምርመራው ሲቀርብ «ምን ያገኙበት ይሆን?» ትላለህ፤ ሲርቅ ደግሞ «ማንም ሳያየው በውስጡ እያደገ ቢሆንስ?» ትላለህ። ከሆስፒታሉ ስንመለስ «ተስፋ ቆርጠውበት ይሆን? ወይስ ወረፋ በዝቶባቸው ነው?» ብለህ እማዬን እንደጠየቅካትም ሰምቻለሁ። ይህን ስሰማ አንጀቴን በላኸው። ተስፋ ቆርጠውብኝ አይደለም፤ ወረፋም አይደለም።

ዕድሜህን ሙሉ ኤሌክትሪክ ስትሠራ ኖረሃል። ቴስተር መስመሩ ላይ ኃይል መኖር አለመኖሩን ያሳይሃል እንጂ ኃይሉን አያመጣውም፣ አያስቀረውምም። ስካንም እንደዚያው ነው። ቶሎ ቶሎ መመርመሬ በሽታውን ከደጄ አያባርረውም። የሚጠብቀኝ ሌላ ነው፤ ዕጢው ገና ከቦታው ሳይወጣ በቀዶ ሕክምና ተወግዷል፤ ቢመለስ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የት እንደሚመለስና መቼ እንደሚመለስ ይታወቃል፤ ተመልሶም ቢሆን የሚድን በሽታ ነው። ሐኪሙ የስካኑን ቀን ያራዘመው እነዚህን ሦስት ነገሮች አውቆ ነው።

በመጀመሪያ ክትትል ማለት እጅን አጣጥፎ መጠበቅ ማለት እንዳልሆነ ልንገርህ። «ለምን ኬሞቴራፒውን ዛሬውኑ አይሰጡህም፣ ቢመለስስ?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። በእኔ ዓይነት፣ ሴሚኖማ በሚባለውና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ በተገኘው ካንሰር፣ አብዛኛው ሰው በቀዶ ሕክምናው ብቻ ይድናል። ለሁሉም መድኃኒት ወይም ጨረር ቢሰጥ ብዙው ሰው ለማያስፈልገው ነገር ይጎዳል። ስለዚህ በቅርብ እየተከታተሉ፣ ላገረሸበት ብቻ መስጠት ይሻላል። ይህ የታሰበበት የሕክምና ምርጫ ነው፤ እኔም ተነግሮኝ፣ ገብቶኝ የተቀበልኩት ነው።

አሁን ስለ ስካኑ መራቅ። በብሪታኒያ በ35 የሕክምና ማዕከላት እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2014 ድረስ 669 ሰዎች የተካተቱበት ጥናት ተካሂዶ ነበር፤ ውጤቱ በ2022 ታትሟል። ሰዎቹ በሙሉ እንደ እኔ የመጀመሪያ ደረጃ ሴሚኖማ የነበረባቸውና ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ናቸው። ገሚሶቹ በአምስት ዓመት ውስጥ 7 ጊዜ ስካን ተደረጉ፤ ገሚሶቹ 3 ጊዜ ብቻ፣ ማለትም በ6ኛው፣ በ18ኛውና በ36ኛው ወር። የእኔን ቀጠሮዎች ቆጥረህ ተመልከት፤ ሐኪሙ የሚከተለው ይህንኑ ነው። ከ669ኙ መካከል በሽታው ያገረሸባቸው 82 ናቸው፣ ከመቶ 12 ማለት ነው። ከሦስተኛው ዓመት በኋላ ያገረሸባቸው ግን ከመቶ አንድ አይሞሉም።

አንድ ነገር አልደብቅህም፤ ብደብቅህም ሌሊት ስታነብ ታገኘዋለህ። በሽታው ከፍ ወዳለ ደረጃ ከደረሰ በኋላ የተገኘባቸው ሰዎች 3 ስካን ከተደረገላቸው መካከል 9፣ 7 ስካን ከተደረገላቸው መካከል ደግሞ 1 ነበሩ። ልዩነት አለው። ነገር ግን እዚያው ላይ የሚቀጥለውን መስመር ሳታነብ ስልኩን እንዳትዘጋው፤ ከሁለቱም ወገን በዚህ ዕጢ ምክንያት የሞተ ሰው አልተመዘገበም። ዘግይቶ የተገኘባቸውም ቢሆኑ በዚህ በሽታ አልሞቱም ማለት ነው። በሌላ በኩል ሲቲ ስካን በተደረገ ቁጥር ሰውነት ጨረር ይቀበላል። ገና ብዙ ዓመት ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ እኔ ደግሞ ብዙ ዓመት መኖር ነው ሐሳቤ። ያው ጥናት ጨረር የሌለው ኤምአርአይም ከሲቲ ስካን እንደማያንስ አሳይቷል፤ በሚቀጥለው ጊዜ በእሱ እንዲያዩኝ እንጠይቃለን።

«ቢመለስም የሚድን ነው» ስልህ ለማጽናናት ያህል የምናገረው እንዳይመስልህ። ታሪኩን ብነግርህ ከእኔ ይልቅ አንተ ትወደዋለህ፣ ነገሩ የጀመረው ከኤሌክትሪክ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባርኔት ሮዘንበርግ የተባለ ሳይንቲስት የኤሌክትሪክ መስክ በሕዋሳት መከፋፈል ላይ ለውጥ ያመጣ እንደሆነ ለማየት ባክቴሪያ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ኮረንቲ አሳለፈ። ባክቴሪያዎቹ መከፋፈላቸውን አቁመው እንደ ክር እየረዘሙ ሄዱ። እሱም ኤሌክትሪኩ ያደረገው መስሎት ነበር። ሲመረምረው ግን ሥራው የኮረንቲው ሳይሆን ከፕላቲነም ኤሌክትሮዶቹ እየሟሟ ወደ ፈሳሹ የገባው ውህድ ሆኖ ተገኘ። ይህን በ1965 አሳተመ። ዛሬ ሲስፕላቲን የምንለው መድኃኒት ከዚያ ወጣ። በ1974 ሎውረንስ አይንሆርን የተባለ ሐኪም በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር አቀናጅቶ የዘር ፍሬ ካንሰር በሰውነታቸው ለተሰራጨባቸው ወጣቶች ሰጣቸው። ከዚያ በፊት በዚያ ደረጃ ላይ የደረሱት አብዛኞቹ ይሞቱ ነበር። ከዚያ በኋላ አብዛኞቹ ይድናሉ። አንተ ወጣት ሳለህ በዚህ በሽታ የተያዘ ጓደኛህ ታሪክ እንዴት እንዳለቀ ነግረኸኛል። የእሱ ዘመንና የእኔ ዘመን አንድ አይደለም፣ አባዬ። በእሱ መጨረሻ የእኔን አትለካው።

ስለ ደብተርህም ላንሣ። በማስመሪያ አስምረህ የደም ምርመራ ውጤቶቼን በተራ የምትጽፍበት ደብተር ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፣ ሐኪሙም አይቶ አድንቆታል። ግን ያቺን በቀይ የተጻፈች ቁጥር አስታውስ። በደም ምርመራው ከሚለኩት አንዱ፣ ኤልዲኤች የሚባለው፣ ትንሽ ከፍ ብሎ መጣ፣ አንተም በቀይ እስክሪብቶ ጻፍካት፣ ቤቱ ሁሉ ሐዘን ተቀመጠ። በኋላ ሲጣራ ደሙ ሲቀዳ ወይም ሲጓጓዝ ቀይ የደም ሕዋሳት ስለፈነዱ የመጣ ነበር፤ እንደገና ሲቀዳ ልክ ሆነ። ኤልዲኤች በብዙ የሰውነት ሕዋሳት ውስጥ ያለ ነገር ስለሆነ በከባድ የጉልበት እንቅስቃሴ፣ በጉበት ችግር፣ በናሙና አያያዝም ከፍ ይላል። አንዲት ቁጥር ብቻዋን ተነጥላ ብዙ አትነግረንም። ወደፊት አንድ ቁጥር ከመስመር ሲወጣ ቀዩን እስክሪብቶ ከማንሣትህ በፊት «እንደገና ይቀዳ» እንበል።

የወገቤም ነገር አለ። ከወንበር ስነሣ ወገቤን ከያዝኩ ዓይንህ እጄ ላይ ይተከላል። ምክንያቱን አውቃለሁ፤ ይህ በሽታ ሲመለስ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከሆድ በስተኋላ ባሉት የሊምፍ ዕጢዎች ስለሆነ የወገብ ሕመም ሊያመጣ እንደሚችል አንብበሃል። እውነት ነው። እኔም ሲያመኝ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሐሳብ እሱው ነው። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ የምሠራ ሰው ነኝ፣ ወገቤ ካንሰር ሳይነካኝም ያመኝ ነበር። ስለዚህ ቃል እገባልሃለሁ፤ የማይለቅ፣ እየባሰ የሚሄድ ወይም ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ከመጣ ቀጠሮ ሳልጠብቅ ለሐኪሙ እደውላለሁ፣ ለአንተም በዚያው ቀን እነግርሃለሁ። የቀረውን ፍሬዬንም በየወሩ እዳስሳለሁ፤ ያልተለመደ ጥጥር ነገር ካገኘሁ አላድርም። አንተ ደግሞ እጄን ስታይ አትደንግጥ፤ ጠይቀኝ። «ምን ሆንክ?» በለኝ፣ እኔም የሆንኩትን እነግርሃለሁ።

ከሁሉ በላይ የምለምንህ ግን ይህንኑ ነው፤ ፍርሃትህን አትደብቀኝ። ለእኔ ብለህ እንደምታደርገው ይገባኛል። እንዳይከብደኝ፣ እንዳልሰጋ ብለህ ነው። ግን ዝምታህ አይቀለኝም። አንተ ዝም ስትል ሐኪሙ ለእኔ ያልነገረኝን ለአንተ የነገረህ ይመስለኛል። እኔም እፈራለሁ፣ አባዬ። ማሽኑ ውስጥ ስገባ፣ በክንዴ የሚገባው ፈሳሽ ከጉሮሮዬ ጀምሮ እስከ ሆዴ ታች ድረስ ሙቀት ሲለቅብኝ፣ የተቀረጸው ድምፅ «ትንፋሽዎን ይያዙ» ሲለኝ፣ ትንፋሼን ይዤ የማስበው ስለ ውጤቱ ነው። ከዚያ «ይተንፍሱ» ይለኛል፣ እተነፍሳለሁ፣ እወጣለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለአንተ ስጽፈው ግን ቀለለኝ። አንተም ለእኔ ብትናገር እንደሚቀልህ አምናለሁ። ሁለት ሰው በየጓዳው አንዱን ፍርሃት ለየብቻው ከሚሸከም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢነጋገርበት ምን አለ?

ሌሊት ማንበቡንም ተወው። ማንበብህን አልጠላሁትም፤ ግን በሌሊት ስላነበብከው ማንን ትጠይቃለህ? የምታገኘውም የሌላ ዓይነት ካንሰር፣ የሌላ ደረጃ፣ የሌላ ዘመን ታሪክ ነው። ጥያቄ ሲመጣብህ ደብተሩ ላይ ጻፈውና ተኛ። ጠዋት ደውልልኝ። እኔ የማውቀውን እመልስልሃለሁ፣ የማላውቀውን ለሐኪሙ እናቆየዋለን። የውጤቱን ነገር ደግሞ እንዲህ እናድርግ፤ ውጤት መቼ እንደሚደርስና ማን እንደሚነግረን ከምርመራው በፊት እጠይቃለሁ፤ እንደሰማሁ፣ ከማንም በፊት፣ ክፉም ቢሆን ደግም ቢሆን ለአንተ እደውላለሁ። ካልደወልኩ ውጤቱ አልደረሰም ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም አትስጠው።

እማዬ ሌላም ነገር ነግራኛለች። ባለፈው የስካን ሰሞን የደም ግፊት መድኃኒትህን ረስተኸው ኖሮ ሣጥኑ እንደሞላ አገኘችው። ይህ ከሁሉም በላይ አስደንግጦኛል። የእኔ ውጤት ንጹሕ ወጥቶ አንተ በግፊት ብትወድቅ ምን እላለሁ? እባክህ ይህን ሐኪምህ ጋ ስትሄድ ንገረው፤ እንቅልፍ እንደምታጣም፣ እህል እንደሚያስጠላህም ጨምረህ ንገረው። የልጅ ሕመም አባትን እንቅልፍ እንደሚነሳው ሐኪም ያውቃል፣ ለዚህም የሚያደርግልህ አያጣም። እምቢ ካልከኝ እኔው አብሬህ ሄጄ እነግረዋለሁ።

ስካኑ ቢርቅም የደም ምርመራውና የሐኪሙ ቀጠሮ በመሀል አለ፤ ማንም አልተወኝም። በሚቀጥለው ጊዜ ግን ውጭ ሆነህ እንድትጠብቀኝ አልፈልግም፤ ሐኪሙ ክፍል አብረን እንገባለን። ደብተሩን ያዝ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ራስህ ጠይቅ፦ «ስካኑን ለምን አራቃችሁት?» በል። እኔ እዚህ የጻፍኩልህን እሱ በራሱ አፍ ሲነግርህ ብትሰማው ይሻላል፤ ካልገባህ ደግሞ ድገምልኝ በለው። እስከዚያ ድረስ ለዚህ ደብዳቤ መልስ እጠብቃለሁ። አጭርም ቢሆን፣ የሚያስፈራህን አንዱን ነገር ጻፍልኝ።

እማዬን ሳምልኝ።

ልጅህ